ሙሉ ስሟን የጠራ ሰው

በታች ሰፈር ሰው በሙሉ ስሙ አይጠራም። ይኼ ደንብ የትም አልተጻፈም፤ ግን ትናንት አፉን የፈታ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ጫማ ሰፊው ጫማ ሰፊው ነው፤ ባለሱቁ ባለሱቁ ነው፤ «ምን አገባኝ እንጂ…» እያለች በማያገባት ሁሉ የምትገባው ጎረቤት ደግሞ እትዬ ምናገባኝ ናት። ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ አንደኝነትን ለማንም ያላስነካችው የልብስ ተኳሿ ልጅ ሊቋ ትባላለች። ታዲያ በዚያ ሰፈር ሰውን ከነአባቱ ከነአያቱ የሚጠራ ማነው? ፖሊስ ነዋ! ፍርድ ቤት ነዋ! ስለዚህ ፋይል በብብቱ የያዘ ሰው መጥቶ ሙሉ ስም ከጠራ መልሱ አንድ ነው። አላውቅም። አላየሁም። ሰምቼም አላውቅ።

እናንተ በዚህ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ። ስም ያለው ሰፈር የተወለደ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ተኳሿ የዚህን ደንብ ዋጋ የተማረችው በልጇ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ሁለት ሰዎች ፋይል ይዘው መጡና የታላቁን ልጇን ስም ከነአያቱ ጠርተው «እዚህ ነው የሚኖረው? አንድ ነገር ለማጣራት ነው፤ ለክፉ አይደለም» አሏት። ልጁ በዚያ ሰሞን ለሹፌርነት ያላመለከተበት ቦታ አልነበረም። የእናት ነገር! ሥራ የመጣለት መሰላት። «አዎ፣ የኔ ልጅ ነው! ግቡ፣ ግቡ እንጂ!» ብላ ወንበር አቀረበች። ራሷ ገብታ ትከሻውን ነቅንቃ፣ «ተነሥ የኔ ጌታ፣ ፊትህን ታጠብ፤ ሰዎች ይፈልጉሃል» አለችው።

ለካ ሀብታሞቹ በሚኖሩበት ላይ ሰፈር አንድ ቤት ተዘርፎ ኖሯል። ልጁ ቤቱ በተዘረፈበት ቀን እሷ በምትሠራበት ላውንደሪ ቅርጫት ሲያመላልስላት ነበር የዋለው። ይህንንም ምላ ተገዝታ ተናገረች፤ ግን የታች ሰፈር ሰው ለታች ሰፈር ሰው ቢመሰክር ማን ይሰማዋል? ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብሎ ተለቀቀ። ቤት ሲገባ አልጮኸባትም፣ አላለቀሰም። «እማዬ፣ ለምን ቀሰቀስሽኝ?» ብቻ አላት። በሦስተኛው ወር ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ወሬውም የለም።

የቀረቻት እንግዲህ ሊቋ ናት።

ሊቋ ያደገችው ላውንደሪው ጓዳ፣ በመተኮሻው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ እያጠናች ነው። እናቷ የላይ ሰፈርን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ የእጅጌ ጫፍ፣ እጅጌ፣ መጨረሻ ደረት። ልጅቷ ከጎኗ ኬሚስትሪ ትሠራለች። የደብተሮቿ ገጾች ከእንፋሎቱ የተነሣ ሁሉም ተጨማደው፣ አንዱም ቀጥ ብሎ አይተኛም ነበር። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሮቹን በጨርቅ ሸፍና፣ ካውያውን አለዝባ፣ ገጽ በገጽ ትተኩስላት ነበር። ደብተር የሚተኩስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ኮሌጁን ስትጨርስ ግን ያ ሁሉ ልፋት አንዲት መስመር ላይ መጥቶ ተሰካ። «አድራሻ» የምትለው መስመር ላይ። ሰባት ቦታ አመለከተች። ሰባቱም ቦታ ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰው ውጤቷን ሲያይ ቅንድቡን ያነሣል፣ አድራሻዋን ሲያይ ይጥላል። «እንደውልልሻለን» ይላል። ይደውላል እንዴ? የቤት ሥራዋን ከሊቋ ስትገለብጥ የኖረች አንዲት የላይ ሰፈር ልጅ በሁለት ሳምንት ሥራ ያዘች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ጓደኛ ናት፤ እሷው ራሷ ናት፣ «የአክስቴን ቤት አድራሻ ጻፊ፣ ማን ያውቃል?» ያለቻት።

ተኳሿ ይህን ስትሰማ እሳት ሆነች። «በሰው ደጅ ስም? ሌባ ነን እንዴ? የተወለድሽበትን ቤት ጻፊ! የገዛ በርሽን ክደሽ የት ትደርሻለሽ?» አለቻት። ሊቋም እናቷን ሰምታ ስምንተኛውን ማመልከቻ በትክክለኛው አድራሻ ሞላች።

ስምንተኛው አንድ ትልቅ የምርመራ ላቦራቶሪ ነበር። እነዚህስ ከሌሎቹ ይለዩ ነበር፤ መጀመሪያ ፈተኑ፣ አድራሻ የጠየቁት ኋላ ነው። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሊቋ አንደኛ ወጣች። ቃለ መጠይቅ ላይ የላቦራቶሪው ኃላፊ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጣት። «የቀረው የወረቀት ሥራ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይደወልልሻል» ተባለች። በዚያ ምሽት እናትና ልጅ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጭ ጋወኗን በሳምንት ስንቴ መተኮስ እንደሚያስፈልግ ሲከራከሩ አመሹ። ሊቋ ሁለቴ ይበቃል አለች። ተኳሿ በየቀኑ ካልሆነ ሞቼ ነው የምገኘው አለች።

በሳምንቱ፣ አንድ ረቡዕ፣ የላውንደሪው የእንፋሎት ማሽን ተበላሸና ሠራተኛው ከእኩለ ቀን በኋላ ወደየቤቱ ተለቀቀ። ሊቋ ቤተ መጻሕፍት ሄዳለች። ተኳሿ ቤቷን እየጠረገች ሳለ እትዬ ምናገባኝ በጓሮው አጥር ቀዳዳ ሾልካ፣ ቀሚሷን ሽቦ እየቀደደው ገባች።

«እቴ! ምን አገባኝ እንጂ፣ ፋይል የያዘ ሰውዬ መጥቷል! የሊቋን ስም ከነአያቷ ነው የሚጠራው!»

ተኳሿ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ማንን ጠየቀ?»

«ሁሉንም! ባለሱቁን ጠየቀው፤ ‹በዚህ ስም የሚጠራ ሰው በዚህ ሰፈር ተወልዶም አያውቅ› አለው፤ እሰይ የኔ አንበሳ! ጫማ ሰፊውን ጠየቀው፤ ‹አሥር ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሰምቼም አላውቅ› አለው። እኔንም ጠየቀኝ፤ እናቴ ከወለደችኝ ጀምሮ አልሰማሁም አልኩት። ቤቱን ቆጥሮ እየመጣ ነው። ነግሬሻለሁ!» ብላ በመጣችበት ቀዳዳ ተመለሰች።

ተኳሿ አላሰበችም። ጊዜም አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሊቋን የምርቃት ፎቶ አውርዳ ፍራሹ ሥር ከተተች። ጫማዎቿን በእግሯ እየገፋች አልጋ ሥር አስገባች። መጻሕፍቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችባቸው። በሩ ተንኳኳ።

ሰውዬው ጎልማሳ ነው፤ ቁልቁለቱ አልቦታል። ኮሌታው በደንብ አልተተኮሰም፤ ይህንን በዚያ ድንጋጤ ውስጥ እንኳን ሆና አየችው።

«ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ላስቸግርዎት ነው፤ አንድ ነገር ለማጣራት ነበር።»

ለማጣራት! እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ያየችው ግን ልጥ አልመሰላትም፣ ያው የድሮው እባብ ነው። ሰውዬው ፋይሉን ገልጦ የልጇን ስም ጠራ፤ የአባቷን ጠራ፤ የአያቷን ጠራ።

«እዚህ ቤት ትኖራለች?»

«አትኖርም።»

«ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

«ልጅ አለዎት እናቴ?»

ተኳሿ በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ልጅ የለኝም» አለች።

ሰውዬው ወዲያው አልሄደም። በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማርና ፎቶው የነበረበት ንጹሕ አራት ማዕዘን ይታያል። «እናቴ፣ ለክፉ አይደለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከየት እንደመጣ ግን አልነገራትም። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ከየት እንደመጡ ከተናገሩ ሰው መልስ ያቀናብራል ይላሉ። እሷም አልጠየቀችውም፤ በታች ሰፈር ፋይል የያዘ ሰው አይጠየቅም። «ለክፉ አይደለም» የሚለውን ቃል ሲናገር ግን የበኩር ልጇ ትከሻ መዳፏ ውስጥ የሞቀ ያህል ተሰማት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አንዲት ነገር ጽፎ፣ አመስግኖ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ታች ሰፈር ድል ያደረገ ጦር መሰለ። ጫማ ሰፊው የሰውዬውን አጠያየቅ እያስመሰለ ሰዉን በሳቅ ገደለው። ባለሱቁ፣ «አተረፍናት!» እያለ ደረቱን መታ። አንድ ሰው እንኳን፣ እስቲ አንድ ሰው፣ «ምናልባት ለሥራ ቢሆንስ?» አላለም። ማን ይበል? ከተወለዱ ጀምሮ በፋይል ውስጥ መልካም ነገር ሲመጣላቸው አላዩማ።

ተኳሿ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አለች። ለሊቋ ብትነግራት ትሸበራለች፣ እንቅልፍ ታጣለች ብላ ፈራች። ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቃ፣ «አክስትሽ አሟታል፤ ጥቂት ቀን ሄደሽ አግዢያት» ብላ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ሰደደቻት። ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ ሰላማዊ እንቅልፍ ተኛች። አንዷን እንኳን አዳንኩ ብላ።

በዘጠነኛው ቀን ሊቋ ከአክስቷ ቤት መጥታ እየሮጠች ላውንደሪው ገባች። ስልኳን በእጇ ይዛዋለች፤ እንባዋ ገና አልወረደም።

«እማዬ፣ ደወሉልኝ። ሐሰተኛ አድራሻ ነው የሰጠሽው አሉኝ። አጣሪ ልከው ነበር አሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ አላውቃትም ብሏል አሉ። ቤት ያገኟት ሴትዮ ደግሞ ልጅ የለኝም ብላለች አሉ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቤት ተሳስተው ነው፤ አይደል? እትዬ ምናገባኝ ቤት ገብተው ይሆናል። አይደል እማዬ?»

ተኳሿ ሸሚዙን አላቃጠለችም። የሃያ ዓመት ልማድ ነውና ካውያውን አንሥታ ማስቀመጫው ላይ አቆመች፤ ሶኬቱን ነቀለች። ከዚያ በቆሻሻ ልብስ ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አለች። ሊቋ አየቻት። ለካ ሊቅ መሆንም መከራ ነው፤ ማንም ሳይነግራት ገባት።

እዚያው ከነሽርጧ ተያይዘው ወደ ላቦራቶሪው ሄዱ። የተቀበለቻቸው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ወጣት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፤ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ውኃ አስመጣችላቸው። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር።

«እናቴ፣ ‹ልጅ የለኝም› ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አፌን በቆረጠው! እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ይቺ ልጄ ናት፤ ማሕፀኔ ነው የወለዳት። ሰፈሩን ሁሉ አመጣልሻለሁ፤ ይመሰክራል!»

«ሰፈሩማ መሰከረ እኮ» አለች ኃላፊዋ በቀስታ። «እኔ የማይገባኝ፣ እናት ለምን ልጅ የለኝም ትላለች?»

ተኳሿ ልትነግራት አፏን ከፈተች። «ወንድሟን…» ብላ ጀመረች። ጠረጴዛው ሥር የሊቋ እጅ ጭኗን ጨምድዶ ያዘ። ኃላፊዋ ፊት የተዘረጋው ቅጽ ላይ ከአድራሻው ዝቅ ብሎ፣ «ከቤተሰብዎ ታስሮ የሚያውቅ አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ከጎኑም በሊቋ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። አልተፈረደበትማ! ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ አይደል እንዴ የወጣው? ግን ይህን አሁን ማን ያስረዳል? ለማን?

«ወንድሟን ምን?» አለች ኃላፊዋ።

ተኳሿ ሁለቱንም አየች። እውነቱን ብትናገር ልጇ ዋሽታለች፤ ባትናገር እሷ ዋሽታለች። በየት በኩል ትውጣ?

«እብድ ናት ብለሽ ጻፊ» አለች። «አእምሮዋን ያማታል ብለሽ ጻፊ። አንዳንዴ ልጄንም እረሳለሁ። እኔን ተዪኝ፣ ለልጅቷ ብቻ እድል ስጫት። በሞቴ፣ በናትሽ!»

ሊቋ አንገቷን ደፋች። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች።

«አምናችኋለሁ። እውነቴን ነው። ግን ቦታው ሰኞ ዕለት ተይዟል። ሪፖርቱም ‹ሐሰተኛ መረጃ› ተብሎ ስለተመዘገበ ለሁለት ዓመት እዚህ ማመልከት አትችልም። በእኔ እጅ ያለ ነገር አይደለም።»

«ማን ያዘው?» አለች ሊቋ። ከገቡ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሁለተኛ የወጣው ልጅ።»

«የእሱንስ ቤት ሄዳችሁ አጣራችሁ?»

ኃላፊዋ በጥያቄው ተገርማ፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ «እሱማ ላይ ሰፈር ነው» አለች።

ወደ ታች ወረዱ። ወሬው ከላውንደሪው ተነሥቶ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር፤ ባለሱቁ ሲያያቸው ጓዳ ገባ። ጫማ ሰፊው መርፌውን ትኩር ብሎ እያየ ቀረ። እትዬ ምናገባኝ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው ጠፋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብቻ ተንሰቀሰቀች። ወይ ነዶ! አንድም ክፉ ሰው በሌለበት ልጅቷ እንዲህ ትጥፋ?

ቤት እንደገቡ ሊቋ ባዶውን ሚስማር አየች።

«ፎቶዬ የት ሄደ?»

ተኳሿ ፍራሹን ገልጣ አወጣችላት። ማዕዘኑ ታጥፏል። ሊቋ በመዳፏ ደጋግማ አቀናችውና ሚስማሩ ላይ ሳይሆን ሻንጣዋ ውስጥ አስገባችው። መጻሕፍቷን ጨመረች። ሁለት ቀሚስ ጨመረች።

«የጓደኛዬ አክስት ክፍል ታከራያለች። ከእንግዲህ አድራሻዬ እዚያ ነው» አለች።

ያኔ «የገዛ በርሽን ክደሽ» ብላ የጮኸችው ተኳሿ አሁን ምን ትበል? ሁለቱን ቀሚሶች አውጥታ እንደገና አጣጠፈቻቸው።

«ምቺኝ» አለች ኋላ ላይ። «ስደቢኝ። አንድ ነገር በዪኝ ልጄ።»

«አልተቆጣሁሽም እማዬ። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ።» የሻንጣውን ዚፕ ዘጋች። «አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ሌላ ጊዜ ሰው መጥቶ ስለ እኔ ቢጠይቅሽ፣ ለዚያ ሰውዬ ያልሽውን ድገሚው። ደህና አድርገሽ ነው ያልሽው፤ አምኖሻል።»

ታላቁ «ለምን ቀሰቀስሽኝ?» ብሏት ነበር የሄደው። ተኳሿ የትኛው እንደሚብስ ማመዛዘን አልቻለችም።

ሻንጣውን አልሰጥም ብላ ራሷ ተሸከመችው። አቀበቱን ወጥተው፣ ላውንደሪውን አልፈው፣ አጥሩ በአበባ የተሸፈነ ቤት ደረሱ። አከራይዋ መዝገብ ይዘው በሩ ላይ ጠበቋቸው። ደግ ሴትዮ ይመስላሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሌላ ከተማ» አለች ሊቋ።

«እኚህስ? እናትሽ ናቸው?»

ሊቋ፣ በትምህርት ዘመኗ አንድ ጥያቄ ሳትመልስ ያላለፈች ልጅ፣ አፏን ከፍታ ቀረች። ወደ እናቷ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ያለውን ተኳሿ አየችው፤ ልጇ ክጂኝ ማለትም፣ አትካጂኝ ማለትም አቅቷታል። ስለዚህ እናትየው አገዘቻት። ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ሽርጧን አራገፈች።

«የለም እትዬ» አለች። «እኔ ልጅ የለኝም። ሻንጣ ከብዷት አይቼ ነው።»

«እግዜር ይስጥሽ! እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል?» አሉ ሴትዮዋ፣ ልጅቷን አስገብተው በሩን እየዘጉ።

ተኳሿ ከአጥሩ ውጪ ቆመች። ከወዲያ በኩል ሴትዮዋ፣ «እስቲ ለመዝገቡ፣ ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ» ሲሉ ሰማች። ሊቋ ስሟን ተናገረች፤ የአባቷን ተናገረች፤ የአያቷን ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ተኳሿ እስከ መጨረሻው ቆማ አዳመጠችና፣ ላውንደሪው ሳይዘጋ የቀሯትን ሸሚዞች ለመጨረስ ወረደች።